ሁሉም አንድ ቃል ሲሆኑ የራሴን ሐሳብ እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከተማሪነት ዘመናችን ጀምሮ ያልተለያየን ሰባት ጓደኛሞች ነን። ከጥቂት ወራት በፊት አንዷ ጓደኛችን የሌላዋን ምስጢር ለመሥሪያ ቤት አለቃዋ አሳልፋ ሰጥታለች ተባለና፣ እሷ በሌለችበት ስድስታችን ተቀምጠን ሁለተኛ ላናነጋግራት ተስማማን። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ጉዳዩን ለታላቅ እህቴ ሳወራት ‹ከሃዲ ናት› አልኳት። እህቴ ‹አንቺ በምን አወቅሽ?› ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን ስታዘብ፣ ስለ ሃይማኖትም ሆነ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግም ሆነ ስለ ሰው ጠባይ የምናገረው ሁሉ በመጨረሻ ካነጋገረኝ ሰው የሰማሁት ሆኖ አገኘሁት። የራሴ ሐሳብ የሌለኝ ሰው ነኝ ወይስ ፈሪ ነኝ? ጓደኞቼን ሳላጣ የራሴን አቋም መያዝስ እችላለሁ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

አስቀድሜ የምመልስልዎ «የራሴ ሐሳብ የሌለኝ ሰው ነኝ ወይ» የሚለውን ነው፤ ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ እየጎዳዎት እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይሰማኛልና። የራሱ ሐሳብ የሌለው ሰው «በምን አወቅሽ?» ሲባል አይደነግጥም፤ የነገሩትን ደግሞ ይናገርና ያልፋል። እርስዎ ግን ደነገጡ፣ ራስዎን ታዘቡ፣ አልፎም ተርፎ ቁጭ ብለው ጻፉ። ስለዚህ የጎደለዎት የማሰብ ችሎታ አይመስለኝም። የጎደለዎት የሌሎች ቃል ጆሮዎን ሳይሞላው ከራስዎ ጋር የሚመክሩበት ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው።

«ፈሪ ነኝ ወይ» ለሚለው ግን በአንድ ቃል አልመልስልዎትም፤ ምክንያቱም አንገት የሚያስነቀንቀው ነገር ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ስዋርዝሞር ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ተማሪዎችን በቡድን እያስቀመጠ አንድ መስመር ያሳያቸውና ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል በርዝመት ከእሱ ጋር እኩል የሆነውን በየተራ ድምፃቸውን አሰምተው እንዲናገሩ ይጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው ዓይን ላለው ሰው ሁሉ ቀላል ነው። ነገር ግን በየቡድኑ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው የተስማሙ ተባባሪዎች ስለነበሩ፣ ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር፤ የተፈታኙም ተራ የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። በእነዚያ 12 ዙሮች ተፈታኞቹ ከሰጡት መልስ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የብዙዎቹን ስህተት የደገመ ሆነ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሰዉን ቃል ተከተሉ።

ይህን የማነሣው ጥፋትዎን ለማቅለል አይደለም። እነዚያ ተማሪዎች የማያውቋቸው ሰዎች መካከል ተቀምጠው፣ በዓይን በሚታይ ነገር ላይ፣ ምንም ሳያሰጋቸው እንዲህ ከሆኑ፣ የልጅነት ጓደኞችዎ በተሰበሰቡበት፣ አንዷም ተበድያለሁ ብላ ስታለቅስ ወይም ስትቆጣ፣ በዓይንዎ ባላዩት ጉዳይ ላይ አንገትዎን መነቅነቅዎ የሰው ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነገር መሆኑን እንዲያዩት ነው። ራሱን እንደ ልዩ ደካማ የሚቆጥር ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ ጥንካሬውን ለማሳየት ሲል ሳያስፈልግ ይጣላል። ሁለቱም አይጠቅሙዎትም።

አሽ ከሙከራው በኋላ ተፈታኞቹን ሲያነጋግር የተስማሙበት ምክንያት አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኘውም። አንዳንዶቹ ከልባቸው «ይህ ሁሉ ሰው ሊሳሳት አይችልም» ብለው የራሳቸውን ዓይን ተጠራጥረው ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስህተት መሆኑን እያወቁ ከሰው ተለይተው መታየት አልፈለጉም። ሞርተን ዶይች እና ሃሮልድ ጀራርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተው አስቀመጧቸው፦ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ ብሎ መከተል አንድ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት፣ እንዳልጠላ ብሎ መከተል ደግሞ ሌላ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንገት መነቅነቅ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

እርስዎ በዚያን ቀን የትኛው እንደያዘዎት ለማወቅ አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፦ ያን ቀን አስተያየትዎን ማንም በማያየው ወረቀት ላይ ጽፈው ቢሰጡ ኖሮ ያንኑ ይጽፉ ነበርን? «አይ፣ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር» ካሉ የያዘዎት ይሉኝታ ነው፤ ሐሳቡ ነበረዎት፣ አፍዎ ግን አልታዘዘም። «አዎ፣ ያንኑ እጽፍ ነበር» ካሉ የጓደኞችዎን ቃል አምነዋል ማለት ነው፤ ያኔ ጥያቄው እምነትዎ መሠረት አለው ወይ ወደሚለው ይዞራል። «ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር» ካሉ ደግሞ፣ እንደምገምተው የእርስዎ መልስ ይህ ነው፣ ገና ሐሳብ ሳይኖርዎት ሐሳብ እንዳለው ሰው ተናግረዋል። ይህ ከሦስቱ ሁሉ በብዛት የሚያጋጥም ነው፣ የሚነገርለት ግን እምብዛም አይደለም።

ሌሎችን ማመን በራሱ ነውር እንዳይመስልዎ። ስለ ሕክምና፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሩቅ አገር፣ ስለ ትናንት ታሪክ ከምናውቀው አብዛኛውን ያገኘነው ከሌሎች ነው፤ ሁሉን በራሴ አጣርቼ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ሰው ምንም ሳያውቅ ይኖራል። ቁም ነገሩ የምናምናቸው ሰዎች ስንት ናቸው የሚለው ሳይሆን እነሱስ ከየት አወቁት የሚለው ነው። እስቲ ያን ቀን የተቀመጡትን ይቁጠሯቸው። ስድስት ነበራችሁ። አንዷ ተናጋሪ ናት፤ አምስታችሁ ሰሚዎች ናችሁ። ከአምስቱ አንዲቱ እንኳ ከተከሳሿ አንደበት የሰማች፣ ወይም ለአለቃው የተነገረውን ቃል በጆሮዋ ያዳመጠች ከሌለች፣ የስድስት ሰው ምስክርነት የመሰለዎት ነገር የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ አምስቱ ያስተጋቡት ብቻ ነው። ስድስት ሰዎች በየራሳቸው መንገድ መርምረው አንድ ቦታ ቢገናኙ ትልቅ ነገር ነበር። ስድስት ሰዎች ከአንድ አፍ ሰምተው አንድ ነገር ሲሉ ግን ቁጥራቸው ምንም አይጨምርም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና፣ አንዱ ወገን ብቻ የተሰማበት ክርክር ሁልጊዜ ያለቀለት ይመስላል።

ይህ መለኪያ ለጓደኛዎ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ፖለቲካ «ሁሉም እንዲህ ይላል» ሲባል፣ ስለ አንድ ሰው ጠባይ «የማያውቅ የለም» ሲባል፣ ነገሩን ወደ ምንጩ እየመለሱ «ከእነዚህ ሁሉ መካከል በራሱ ያየው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው፤ አንዳንዴም ማንንም አያገኙም።

አሁን «የራሴ ሐሳብ» ስለሚሉት ነገር አንድ ጥንቃቄ ላክል። ብዙ ሰው የራስን ሐሳብ መያዝ ማለት ከሌሎች የተለየ ነገር መናገር ይመስለዋል። ሰዉ ወደ ቀኝ ባለ ቁጥር ወደ ግራ የሚል ሰው ነፃ ነኝ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን የት እንደሚሄድ የሚወስኑለት አሁንም ሌሎች ናቸው፣ አቅጣጫውን ገለበጠው እንጂ። እርስዎም ከዚህ በኋላ ለራስዎ ጽኑነትዎን ለማስመስከር ሲሉ በየጨዋታው መሀል ተቃዋሚ ሆነው ቢቀመጡ ያው ከአንድ ጥገኝነት ወደ ሌላው መሻገር ነው። አንድ ሐሳብ የእርስዎ የሚሆነው ምክንያቱን በራስዎ ቃል መናገር ሲችሉ፣ ተቃራኒውን የያዘ ሰው «አዎ፣ እኔ የምለው ይህን ነው» ብሎ እስኪቀበልዎ ድረስ የእሱንም ክርክር በሐቀኝነት ማስረዳት ሲችሉ፣ እንዲሁም ምን ቢያገኙ ሐሳብዎን እንደሚለውጡ አስቀድመው ሲያውቁ ነው። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ከሺህ ሰው ጋር ቢገጥምም የእርስዎ ነው፤ ብቻዎን ቢያስቀርዎትም የእርስዎ ነው።

ወደዚያ የሚያደርስዎት ዋነኛ ልምምድ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከመስማትዎ በፊት መጻፍ። ከላይ የጠቀስኳቸው ዶይች እና ጀራርድ ያንኑ የመስመር ሙከራ ሲደግሙ፣ የተወሰኑት ተፈታኞች የሌሎችን መልስ ከመስማታቸው በፊት የራሳቸውን እንዲጽፉ አደረጉ። ወረቀቱን ማንም ላያየው ቢችልም፣ አስቀድመው የጻፉት ተፈታኞች በብዙኃኑ ስህተት የመወሰድ ዕድላቸው ቀነሰ። ይህ የሆነው ጽሑፉ ምስክር ስለሆነባቸው ይመስለኛል። ሐሳብ በልብ ብቻ ሲቀመጥ የሌላ ሰው ድምፅ ሲመጣበት ሳናውቀው ቅርጹን ይለውጣል፤ ከዚያም መጀመሪያም እንዲህ አስብ ነበር ብለን ራሳችንን እናሳምናለን። የተጻፈ ቃል ግን ባለበት ይቆያል፤ ብንለውጠው እንኳ መለወጣችንን እናውቃለን።

እንዴት እንደሚጻፍ በራስዎ ጉዳይ ላሳይዎት። አንድ ገጽ ይውሰዱና በገጹ ራስ ላይ ጥያቄውን ያስቀምጡ፦ «ጓደኛችን ምስጢር አሳልፋ ሰጥታለች ወይ?» ከዚያ በታች «በዓይኔ ያየሁት» ይበሉና ይጻፉ፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እዚህ የሚጻፈው «ምንም» ነው። ቀጥሎ «ከተበደለችው ጓደኛችን የሰማሁት» ይበሉ፤ ምናልባት «አለቃዋ ምስጢሯን እንዳወቀና ይህንንም ለጥቂት ሰው ብቻ ነግራ እንደነበር» ይሆናል። ከዚያ «ከተከሰሰችው የሰማሁት» ይበሉ፤ አሁንም «ምንም»። በመጨረሻ «የገመትነው» ብለው ከአለቃው ማወቅ ተነሥታችሁ ወደ እሷ የደረሳችሁበትን መንገድ ይጻፉ። ይህን ሲጽፉ አለቃው ማወቁ አንድ ነገር፣ የነገረው ማን እንደሆነ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑ ወለል ብሎ ይታይዎታል። በስብሰባው ላይ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ነገር ተነግረው ነበር። የተነቀነቀውም አንገት ለመጀመሪያው ነበር፤ የተወሰነው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ጽሑፉን ለጊዜው ለማንም አያሳዩ። ይህን የምልዎት ለምስጢር ብዬ አይደለም። በሰው ፊት የተናገርነውን ነገር ስህተት ሆኖ ስናገኘው እንኳ ለመተው እንቸገራለን፤ ለብቻ የጻፍነውን ግን ያለ ሐፍረት እንሰርዘዋለን። የምፈልግልዎት ደግሞ በነፋስ የማይወሰድ፣ ማስረጃ ሲመጣ ግን የሚለወጥ ሐሳብ ነው።

ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፉትን በተመለከተ፣ በሁሉም ላይ ባንዴ የራስዎን አቋም ለመያዝ አይቸኩሉ። በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። በሕይወትዎ ላይ በእርግጥ የሚመጡትን ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮች መርጠው እነሱን በደንብ ያስቡባቸው፤ በሌሎቹ ላይ «ገና አልወሰንኩም» ማለት የተከበረ መልስ ነው። እንዲያውም ስለማያውቁት ነገር እንደሚያውቅ ሰው መናገርን ካቆሙ፣ የሌሎችን ቃል መድገምዎ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እርስዎ የጓደኞችዎን አንድ ቃል መሆን እያዩ ራስዎን ብቸኛ ተጠራጣሪ አድርገው ቆጥረዋል። በእውነት ብቸኛ ነዎት? እ.ኤ.አ. በ1993 ዲቦራ ፕሬንቲስ እና ዴል ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ስለ መጠጥ ልማድ ነበር። በአማካይ ሲታይ ተማሪው ለራሱ በግቢው ባለው የመጠጥ ልማድ ቅር ይሰኛል፤ ሌሎቹ ግን እንደ እሱ ቅር የማይሰኙ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ቅሬታውን በሆዱ ይዞ የሌሎችን ፈገግታ ስለሚያይ፣ ብዙዎች ያልወደዱት ነገር ሁሉም የወደደው መስሎ ቀጠለ። በእናንተም መካከል ያን ቀን እርስዎን እያየች አንገቷን የነቀነቀች ሌላ ሴት አለመኖሯን እርግጠኛ መሆን አይችሉም። ለእሷ «ሁሉም ተስማምቷል» ከሚያሰኙት ሰዎች አንዷ እርስዎ ነበሩ። ይህን የምለው ጥፋቱን በእርስዎ ለመጫን አይደለም፤ ዝምታዎ የሚያገለግለው ራስዎን ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላውንም ሰው ዝም እንደሚያሰኝ እንዲያውቁት ነው።

መናገሩ ለተማረና ለታወቀ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ ላይ ወረራ ይካሄድ ወይ ብለው ከባለሥልጣናቱ ጋር ሲመክሩ፣ አማካሪያቸው የነበረው የታሪክ ምሁር አርተር ሽሌሲንገር ዕቅዱን በጽሑፍ ተቃውሞ ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቶ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ግን ተቃውሞውን አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ወረራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ሽሌሲንገርም በዚያ ክፍል ዝም በማለቱ እንደተጸጸተ ኋላ ጽፏል። ሐሳቡ ነበረው፣ ምክንያቱንም ያውቅ ነበር፣ ጽፎትም ነበር። የቀረው የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ነው፤ እሱም ለብቻው ትልቅ እርምጃ ነው።

ይህን እርምጃ የሚያቀልልዎ ነገር አለ። አሽ በሌላ ዙር ከተባባሪዎቹ አንዱ ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የተፈታኞቹ ስህተት ከቀድሞው ወደ አንድ አራተኛ ያህል ወረደ። ከዚህ የሚደንቀኝ ደግሞ ሌላው ነው፤ ያ አንድ ሰው ትክክል መሆን እንኳ አላስፈለገውም። ከብዙኃኑ የባሰ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥም ተፈታኙ ዓይኑን ለማመን ድፍረት አገኘ። ሰውን የሚያስረው የብዙዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስንጥቅ የሌለበት አንድነታቸው ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአምስቱም ለመናገር አይነሡ። ከመካከላቸው በሐቀኝነቷ የሚያምኗትን አንዷን ለብቻዋ ያግኙና፣ ለማሳመን ሳይሆን ለመጠየቅ ያነጋግሯት፦ «ያን ቀን የተነጋገርነው ነገር ውስጤን አላሳረፈውም፤ እሷን ሳንሰማት ነው የወሰንነው። አንቺ ምን ይሰማሻል?» ይበሏት። «ትክክል ነው የወሰንነው» ብትልዎት እንኳ ምክንያቷን ይስሙ፤ እርስዎ የማያውቁትን ነገር ታውቅ ይሆናል። «እኔም ከብዶኝ ነበር» ብትልዎት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ብቻዎን አይደሉም።

በኅብረት ስትገናኙ ነገሩን ያንሡት፤ ሲያነሡትም ጨዋታው ሳይጋጋል፣ በመጀመሪያ አካባቢ ይሁን። አራት ሰው በአንድ አቅጣጫ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው ቃሉ ሁሉ ጠብ ይመስላል። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» አይበሉ፤ ትክክል መሆናቸውን ወይም መሳሳታቸውን ገና አያውቁትምና ይህም ያው ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው። ይልቁንም ስለ ራስዎ ይናገሩ፦ «እኔ ያን ቀን የተስማማሁት ሳላጣራ ነው። የእሷን ወገን ሳልሰማ በውሳኔው መቀጠል አልቻልኩም፤ ላነጋግራት ነው።» ይህ ማንንም አይከስም፤ እርስዎ የት እንደቆሙ ግን በግልጽ ያስቀምጣል። የተበደለችውንም ጓደኛችሁን በዚያው አፍ ያስቧት። «አንቺ የደረሰብሽን አልጠራጠርም፤ ምስጢርሽ መውጣቱ እኔንም አሳዝኖኛል፤ የማላውቀው ማን እንዳወጣው ነው» ቢሏት፣ በእሷ ሐዘንና በክሱ መካከል ያለውን ልዩነት ራሷም ልታየው ትችላለች።

ምናልባት ያኮርፉ ይሆናል፤ ምናልባትም «ከማን ጋር ነሽ?» ይሉዎት ይሆናል። ያኔ ድምፅዎን ሳያነሡ ያንኑ ቃል ይድገሙ። ሰርዥ ሞስኮቪሲ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባደረገው ሙከራ፣ በስድስት ሰው መካከል ሁለት ተባባሪዎች ሰማያዊውን ቀለም በእያንዳንዱ ዙር «አረንጓዴ ነው» ሲሉ፣ ከሌሎቹ መልሶች ከመቶ ስምንት ያህሉ ወደ እነሱ አዘነበለ፤ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ እያሉ ሲዋዥቁ ግን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ጥቂቶች ብዙዎችን በአንድ ቀን ይለውጣሉ ማለት አይደለም። የሚያሳየው ግን ዛሬ ተናግሮ ነገ የሚያፈገፍግ ሰው እንደማይሰማ ነው። ቃልዎ አጭር ይሁን፣ ያልተለወጠ ይሁን፣ ቁጣ አይኑርበት።

ጓደኞችዎን እንደማያጡ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ብዙውን ጊዜ ግን አስቀድመን የምንፈራው ቅዝቃዜ በእርግጥ ከሚመጣው ይበልጣል፤ ለሳምንታት የሚያኮርፍ ሰው ለዘላለም የሚለይ ይመስለናል። መናገር እንጀራን ወይም ደኅንነትን የሚያሳጣበት ቦታ መኖሩንም አልዘነጋሁም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ዝም ማለት አያስወቅስም፣ በሆድ ያለውን ሐሳብ ሳያጠፉ ቀን መጠበቅ ይቻላል። ሆኖም ዝም ማለትና የማያምኑበትን መናገር አንድ አይደሉም። በእህትዎ ፊት ያስደነገጠዎትም ዝምታዎ አልነበረም፤ «ከሃዲ» የሚለውን ቃል በራስዎ አንደበት መስማትዎ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ያላጣሩትን ነገር በሰው ላይ አለመናገርን ብቻ ይያዙ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

ጓደኛዎን ሲያገኙ ፍርድ ይዘው አይሂዱ፤ ንጹሕ ናት የሚል ፍርድም ቢሆን። «ይህ ተብሏል፤ ካንቺ ሳልሰማ ተስማምቻለሁ፤ አሁን ልስማሽ» ይበሏት። ያጠፋች ሆና ልትገኝ ትችላለች። ያኔ የጓደኞችዎ ድምዳሜ የእርስዎም ይሆናል፤ ልዩነቱ ከእንግዲህ እህትዎ «በምን አወቅሽ?» ብትልዎ መልስ ያለዎት መሆኑ ነው። ያኔም ቢሆን ለዘላለም አለማናገር ተገቢው ቅጣት ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ያስቡበት። አላጠፋችም ከሆነ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቋት፤ አጥፍታ ብትገኝም ሳይሰሙ በመፍረድዎ ይቅርታ መጠየቅ ይገባዎታል። እንዳነጋገሯትም ለጓደኞችዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት በእሷ ላይ የተነሣው ክስ በእርስዎም ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ እርስዎም በሌሉበት ስለ እርስዎ ይወሰናል።